የእትዬ ሶልያና ጥንዶች

ጥንዶቹ የመጡት ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በዕቃ ሊፍት ነው። አምጪው ሰውዬ የሽቦ ቤቱን ደጃፍ ላይ አስቀመጠ፤ የእትዬ ሶልያናን አውራ ጣት ታብሌቱ ላይ አስነካ፤ «ከዛሬ ጀምሮ ስልሳ ቀን» አለና ወደ ሊፍቱ ተመለሰ። ሊፍቱ ውስጥ ሌሎች አሥራ አንድ የሽቦ ቤቶች ተደራርበዋል። ከአንዳቸውም ድምፅ አይሰማም።

«ግባ እንጂ! ውኃ እንኳ ሳትቀምስ!» አሉት እትዬ ሶልያና። የሊፍቱ በር ተዘጋ።

ዓመቱ 2092 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ 212፣ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ። ሰባ ዓመት ሞልቶት ብቻውን የሚኖር ሰው ሁሉ ጥንድ ወፍ ይሰጠዋል። በስልሳኛው ቀን ከብቻ ነዋሪዎች ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ይመጣል፤ የሽቦ ቤቱ በር ይከፈታል፤ አንድ ሰዓት ይጠበቃል። ሁለቱም ወፎች በገዛ ፈቃዳቸው ወጥተው ከነዋሪው ጋር ክፍሉ ውስጥ ከቆዩ «ቤቱ የተረጋጋ ነው» ተብሎ ይጻፋል፤ ነዋሪውም ወፎቹን ይዞ በቤቱ ይቀመጣል። ካልወጡ ግን በሳምንቱ ወደ ጋራ መኖሪያ ይዛወራል። ጋራ መኖሪያው ንጹሕ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። በአንድ ክፍል ስድስት አልጋ አለው፤ የሚፈቀደው ሻንጣ አንድ ነው።

ለምን በወፍ ሆነ ለሚል፣ ታሪኩ አጭር ነው። ጽሕፈት ቤቱ ሥራ ሲጀምር ብቸኛ ሰዎችን በስልክ እየደወለ «እንዴት ነዎት?» ይል ነበር። ቀጥሎ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ድምፅ ተገጠመ፤ ጠዋትና ማታ ይጠይቃል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ ዘጠና ስምንቱ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መለሰ። የቀሩት ሁለቱ መስመር የተቋረጠባቸው ናቸው። አንድ አዛውንት ከሞቱ ከአራት ቀን በኋላ ተገኙና የመጨረሻ መልሳቸው ሲፈለግ «ደህና ነኝ፣ እናንተስ ደህና ናችሁ ወይ?» የሚል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ጥናት ተጠና፤ ጥናቱም በዚህ አገር ስለ ጤና ሲጠየቁ የሚሰጥ ቃል ማስረጃ አይሆንም ሲል ደመደመ። ያ ዓረፍተ ነገር ዛሬ የመመሪያው አንቀጽ አራት ነው። ወፍ ግን ለይሉኝታ አትወጣም። ሰው ባልተረጋጋበት ቤት ወፍ ከጎሬዋ አትወጣም፣ አሉ አጥኚዎቹ። እውነት ይሁን አይሁን፣ ከዚያ ወዲህ የጠየቀ የለም።

ወፎቹ አረንጓዴ ናቸው፤ ከጭብጥ አይበልጡም። ክንፋቸው ጫፉ ላይ ይጠቁራል። የወንዱ ግንባር ቀይ ነው፤ የሴቷ አይደለም። ሁልጊዜ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ነው የሚቀመጡት። ወረቀቱ ላይ «የፍቅር ወፎች» ይላቸዋል፤ ብሎኩ ግን «ጥንዶቹ» ነው የሚላቸው። ጽሕፈት ቤቱ ስም እንዳይወጣላቸው ይመክራል።

አሁን እትዬ ሶልያና ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ችግሩ ሁሉ ከዚያ ስለመጣ። እሳቸውና እህታቸው ቤዛዊት አርባ ዓመት ሙሉ ድግስ ሲደግሱ የኖሩ ሴቶች ናቸው፤ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ተዝካር። ቤዛዊት ታበስላለች፤ ሶልያና በእንግዳው መሐል እየዞሩ ያስበላሉ። የእሳቸው ሥራ ማስበላት ነበር። ዘጠኝ መቶ ሰው በተቀመጠበት ድንኳን ሳህኑ የጎደለውን ከሩቅ ያውቁታል። ጠገብኩ ያለ ሰው ከእሳቸው እጅ ሦስት ጉርሻ ሳይጎርስ ተርፎ አያውቅም። በኋላ ምድጃ ከየብሎኩ ሲነሳና ምግብ ከማዕከል ታሽጎ በግድግዳ ቀዳዳ መምጣት ሲጀምር፣ ድግሱም ቀረ። ባለፈው ታኅሣሥ ደግሞ ቤዛዊት አረፈች። እትዬ ሶልያና ከሙያቸው ሁሉ አፋቸውና እጃቸው ብቻ ቀረላቸው።

ስለዚህ ጥንዶቹን የተቀበሏቸው እንደ እንግዳ ነው። የሽቦ ቤቱን ሳሎኑ መሐል፣ ጠረጴዛው ላይ፣ መብራቱ ሥር አስቀመጡ፤ የክብር ቦታ እዚያ ስለሆነ። ሱፍ፣ ዳጉሳ፣ የተከተፈ ጎመን፣ ፖም፣ ከማዕከል የመጣ የተቀቀለ እንቁላል ሞሉላቸው። በሩን ከፍተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገቡ።

«ብሉ እንጂ! ምን ታያላችሁ? በሞቴ! እኔ ልሙት ይቺን ብቻ!»

ወፎቹ በመጨረሻው ጥግ ሽቦው ላይ ተለጠፉ። ሴቷ ከወንዱ ኋላ ገባች። ወንዱ አፉን ከፍቶ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ሶልያና አመልካች ጣታቸውን ተነከሱ። በአምስተኛው ቀን ምግቡን ቀየሩ። በሰባተኛው ቀን፣ እንግዳ ብቻውን አይበላም በሚል፣ ሰባት ጎረቤት ጠሩ። ሰባቱም የሽቦ ቤቱን ከበው «ብሉ፣ ብሉ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቷ የገዛ ደረቷን ላባ መንቀል ጀመረች። ጎረቤቶቹ ሲወጡ አንዷ «አይዞሽ፣ ጋራ መኖሪያውም እኮ ብዙ አይከፋም» አለቻቸው። ማጽናናቷ ነበር።

እትዬ ሶልያናን ያንገበገባቸው ግን ሌላ ነው። እሳቸው ሳሎን ውስጥ ካሉ ወፎቹ ፍሬ አይቀምሱም። ወደ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ሲዘጉ ወዲያው የሱፍ ቅርፊት ሲሰበር ይሰማቸዋል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በሩን ሲከፍቱ ጸጥ ይላል። በዕድሜያቸው ሙሉ እሳቸው ሲወጡ የሚበላ እንግዳ ገጥሟቸው አያውቅም። ተቀየሙ፤ አንድ ቀን ሙሉ ወፎቹን ሳያናግሩ ዋሉ። ወፎቹ ያን ቀን ትንሽ በሉ፤ እሳቸው ግን ልብ አላሉትም።

«እንደምን አደሩ?» ይላል ግድግዳው በየጠዋቱ። መልሱን የሚያነበው ክፍል ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ድምፁን ግን የሚያነሳው አልተገኘም።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» ይላሉ እትዬ ሶልያና።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን አንድ ደላላ ደወለ። ሰው ትከሻ ላይ የሚያርፉ፣ የለመዱ ጥንዶች አሉኝ፣ ለፈተናው ቀን ብቻ ቀይረን እንመልሳለን፣ አለ። እትዬ ሶልያና ስልኩን ወዲያው አልዘጉም። ከዚያ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አንዱ በዚሁ መንገድ ሞክሮ በወፎቹ እግር ቀለበት እንደተያዘና ያንኑ ቀን ሻንጣውን ይዞ እንደወረደ ትዝ አላቸው። ዘጉት።

ጋሽ ናሆም የመጡት በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነው። የግድግዳ ጎረቤት ናቸው፤ ሰባ ስድስት ዓመታቸው፤ ጡረታ የወጡ የሊፍት መካኒክ። ፈተናው በየሁለት ዓመቱ ይደገማል፤ እሳቸው ሦስት ጊዜ አልፈዋል። የራሳቸው ጥንዶች በራቸውን ሲከፍቱ ባርኔጣቸው ላይ ቁጭ ብለው ይታያሉ። ብዙ አይናገሩም። ሳሎኑ በር ላይ ቆመው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ሶልያና፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«መሐል ቤት የጎለትሻቸው።»

«እና ጥግ ልወትፋቸው? እንግዳ እኮ ናቸው፣ ጋሽ ናሆም!»

«እንግዳ አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው። ፈሪ ከጀርባው ግድግዳ ይፈልጋል። አንቺ በአራቱም በኩል ሰው በሚዞርበት ቦታ አስቀምጠሽ፣ ከላይ መብራት ለኩሰሽ፣ ብሉ ትያለሽ። አንቺ ብትሆኚ ትበያለሽ?»

«እኔማ እበላለሁ» አሉ እትዬ ሶልያና።

ጋሽ ናሆም ሳቁ። ጎንበስ ብለው የወንዱን እግር ቀለበት አዩ። ቀለበቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተፍቀው ሦስተኛው ተጽፏል።

«ከዚህ በፊት ሁለት ቤት ኖረዋል» አሉ።

«ታዲያ ለምን ከዚያ አመጧቸው?»

«ያለፈ ሰው ወፎቹን ያስቀራል።»

ነገሩ ለእትዬ ሶልያና ገባቸው። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ ሦስተኛ ነኛ» አሉ።

«ሦስተኛ ነሽ። እነዚህ እጅ ሲገባባቸው የኖሩ ናቸው። ከእንግዲህ እጅሽ እዚያ ውስጥ አይገባም። በሩን ክፈችው፤ በነፋስ እንዳይንኳኳ በክር እሰሪው። የዳጉሳ ራስ ከበሩ ውጭ፣ በስንዝር ርቀት አንጠልጥይ። ውስጥ ያለውን ሳህን ደግሞ አጉድይ።»

«ሳህን ላጉድል?»

«አዎ። ውስጡ ሞልቶ ሳለ ለምን ይወጣሉ?»

«ነውር ነው፣ ጋሼ። በእኔ ቤት?»

«ለእነሱ ነውሩ የአንቺ እጅ ነው። ከዚያ ሦስት እርምጃ ርቀሽ፣ ጎንሽን ሰጥተሽ ተቀመጪ። አትያቸው። አታናግሪያቸው። የራስሽን ሥራ ሥሪ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪወጡ። ዝም አይነቅዝም።»

«እንግዲህ ቀስ በቀስ እንቁላል…»

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ስልሳው ቀን ያልቃል። አርባ ሁለት ቀርቶሻል፤ ዛሬውኑ ጀምሪ።»

«እርስዎ ያን ጊዜ ምን ሲሠሩ ነበር የሚቀመጡት?»

«ካልሲ ስጠቅም። ሃያ ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ስድስት ካልሲ ጠቀምኩ። አራቱ ቀዳዳ አልነበራቸውም» አሉ ጋሽ ናሆም፤ ወጡ።

የሽቦ ቤቱ ከነረጅም ጠረጴዛው ወደ ጥግ ሄደ። የመስኮቱ መጋረጃ ተዘጋ፤ ወጥተው ከመስታወቱ ጋር እንዳይላተሙ። እትዬ ሶልያና ሥራ ሲፈልጉ ከአልጋ ሥር የቤዛዊትን ግማሽ ጆንያ ምስር አገኙ። ከመጨረሻው ድግስ የተረፈ ነው። ሳይለቀም ተቀምጧል። የሚያበስሉበት ምድጃ የለም፤ ቢሆንም ሰፌድ ላይ ዘርግተው ጠጠሩን መልቀም ጀመሩ። በአራት ቀን አለቁት። ከዚያ የለቀሙትን ጠጠር መልሰው ቀላቀሉበትና እንደገና ጀመሩ።

ዝም ማለት ከበዳቸው። ምላሳቸው አፋቸው ውስጥ ይገላበጣል። ቤዛዊት ብትኖር ትስቅ ነበር፤ «አንቺ ዝም ካልሽ ወፍ አይደለም፣ ድንጋይ ይወጣል» ትል ነበር። ይህን ሲያስቡ ደስ አላቸው፤ ወዲያው ደግሞ ከፋቸው። የሚነግሩት ሰው ስለሌለ ምስራቸውን ለቀሙ።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ወንዱ ጭንቅላቱን በበሩ ብቅ አደረገ። እትዬ ሶልያና «እሰይ!» ብለው አጨበጨቡ። ይህ ስህተት አራት ቀን አስከፈላቸው። በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ሴቷ የበሩ ደፍ ላይ ቆማ አንገቷን ዘርግታ ከዳጉሳው ቀመሰች። በአርባ አንደኛው ሁለቱም የሽቦ ቤታቸው ጣራ ላይ ወጥተው ተቀመጡ፤ ሰፊውን ሳሎን ያዩ ነበር። በአርባ ሰባተኛው ወንዱ እስከ መጋረጃው ብረት በረረ፤ መመለሱ ጠፋበትና እዚያው ዋለ። እትዬ ሶልያና ላውርድህ አላሉትም። ወደ ማታ ላይ ራሱ መንገዱን አገኘ። በሃምሳ ሁለተኛው ቀን ሴቷ ጠረጴዛው ላይ እየተራመደች መጥታ ሰፌዱ ውስጥ ገባች፤ አንድ ምስር አነሳች፣ ቀመሰች፣ ጣለች። ከእትዬ ሶልያና እጅ የአንድ ጣት ርቀት ላይ ነበረች። እጃቸው አልተንቀሳቀሰም። ዓይናቸው ግን እንባ ሞላ፤ እጃቸውን ማንሳት ስለሚኖርባቸው መጥረግ አልቻሉም።

ስልሳኛው ቀን ሐሙስ ዋለ። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ አራት ሰዓት ላይ ደረሰች። ማንጠግቦሽ ትባላለች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ዛሬ ዛሬ የወጣት ስም እንዲህ ሆኗል፤ ሶልያናና ናሆም የሽማግሌ ስም ናቸው። ቀጭን ናት፤ ትከሻዋ ላይ ትልቅ ቦርሳ አለ። ወፎቹን መዘነች፤ በረሃብ እንዲወጡ የሚያስርቡ ሰዎች ስላሉ። ቀለበታቸውን አየች። የሽቦ ቤቱን በር ከፍታ በክር አሰረች። ከዚያ ከሳሎኑ በር አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰዓቱን አስጀመረች።

«ትንሽ ነገር ላቅርብልሽ፣ የኔ ልጅ?»

«አይፈቀድም፣ እትዬ።»

«ውኃ?»

«ውኃም።»

ይህ ደንብ ምክንያት አለው። በመጀመሪያው ዓመት ሠራተኞቹ በየቤቱ እየበሉ ነበር፤ በዚያ ዓመት ከፈተናው የወደቀ አንድም ቤት አልተመዘገበም።

እትዬ ሶልያና ደንቡን ያውቃሉ። ቢያውቁም ሌሊቱ ሲነጋ ተነስተው ጭኮ ለውሰዋል። ጭኮ እሳት አይፈልግም፤ የበሶ ዱቄትና ቅቤ ካለ ይበቃል። በሳህን ተሸፍኖ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። እሳቸው ጎናቸውን ለወፎቹ ሰጥተው ምስራቸውን ያዙ። ነገር ግን እንግዳ ቤታቸው ገብታ፣ ባዶ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣለች። እንዲህ ያለ ነገር በሰባ አንድ ዓመታቸው አላዩም። ምስሩ ከሰፌዱ እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ ይንኳኳል።

ወፎቹ በመጨረሻው ጥግ ተለጠፉ፤ ሴቷ ከወንዱ ኋላ።

አሥር ደቂቃ ሄደ። ሃያ ሄደ። የማንጠግቦሽ ሆድ ጮኸ፤ ክፍሉ ጸጥ ስላለ በግልጽ ተሰማ። ልጅቷ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ አስደገፈች። እትዬ ሶልያና ሳያስቡት ብድግ አሉ፤ መልሰው ተቀመጡ። ወፎቹ ክንፋቸውን አራገቡ። ወንዱ አፉን ከፈተ፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን። እትዬ ሶልያና አዩት፤ የምትፈቀደውን አንዷን ሻንጣ አሰቡ። የቤዛዊት ጋቢ ከገባ የእሳቸው ጫማ እንደማይገባ ቀደም ብለው ሞክረው አይተዋል።

በሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ሠራተኛው ነዋሪውን እንዲጠይቅ ቅጹ ያዛል። ጥያቄው ከድሮው ቅጽ የተረፈ ነው፤ መልሱ የሚጻፍበት ቦታ ተሰርዟል፣ ጥያቄው ግን ተረስቶ ቀርቷል።

«እንደምን ነዎት?» አለች ማንጠግቦሽ፣ ከታብሌቷ ቀና ሳትል።

«እግዚአብሔር…» አሉ እትዬ ሶልያና።

ቃሉን አቋረጡ። ሰፌዱን አዩ።

«ደህና አይደለሁም፣ ልጄ።»

ማንጠግቦሽ ቀና አለች።

«እህቴ ከሞተች አሥራ አንድ ወሯ ነው» አሉ እትዬ ሶልያና። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ዝም ማለት ከጀመሩ ወዲህ ጩኸቱ ቀርቷል። «ይሄ ምስር የእሷ ነው። ስለቅመው ስምንተኛዬ ነው። እለቅመዋለሁ፣ ጠጠሩን መልሼ እጨምርበታለሁ፣ ደግሞ እለቅመዋለሁ። ጠዋት ሁለት ኩባያ አወጣለሁ፤ አንዱን እመልሳለሁ። ግድግዳው እንደምን አደሩ ሲለኝ ደህና እለዋለሁ። ጎረቤት ሲጠይቀኝም ደህና። የንስሐ አባቴ ሲጠይቁኝም ደህና። ደህና አይደለሁም። እህቴ ናፍቃኛለች፤ ቤቱ ሰፍቶብኛል፤ ከቤቱ ደግሞ መውጣት አልፈልግም። ይኸው ነው።»

የማንጠግቦሽ ጣት ስክሪኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የሚነካው ነገር አልነበረም።

እትዬ ሶልያና ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ትከሻቸው ወረደ። አንድ ጠጠር አነሱ፤ ወደ ጎን አደረጉ። ሌላ አነሱ። ምስሩ አይንጠባጠብም። ከዚያ በኋላ ስለ ወፎቹም ስለ ሰዓቱም ያሰቡ አይመስሉም፤ ምስር የሚለቅም ሰው እንደሚለቅመው ይለቅሙ ነበር።

በአርባ አራተኛው ደቂቃ ሴቷ ደፉ ላይ ቆመች። ዳጉሳውን አልነካችም። ወደ ጠረጴዛው ወረደች፤ እየተራመደች ሰፌዱ አጠገብ መጣች፤ ላባዋን ማበጠር ያዘች። የተነቀለው ደረቷ ላይ አዲስ ላባ እየበቀለ ነው። ወንዱ ጥቂት አመነታ። በሃምሳ አንደኛው ደቂቃ በረረና መጋረጃው ብረት ላይ አረፈ። ሰዓቱ ሞላ።

ማንጠግቦሽ የጻፈችውን ጮክ ብላ ማንበብ አለባት፤ ደንብ ነው። «ቤቱ የተረጋጋ ነው» ብላ አነበበች። «ነዋሪዋ ይቀጥላሉ።»

«ደህና አይደለሁም አልኩሽ እኮ» አሉ እትዬ ሶልያና።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ቃል ማስረጃ አይሆንም፣ እትዬ። አንቀጽ አራት። ብፈልግም የምጽፍበት ቦታ የለኝም።»

«እንድትጽፊው አይደለም የነገርኩሽ።»

ማንጠግቦሽ ታብሌቷን አጠፋች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። የሚቀጥለው ቤት ሠላሳ አራተኛ ፎቅ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እስከ በሩ ሄደች፤ እጀታውን ያዘች፤ ወንዱ ወፍ እንዳይወጣ ይመስል ቀስ ብላ ለቀቀችው። ተመልሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ቦርሳውን ግን ከትከሻዋ አላወረደችም።

«እኔም ብቻዬን ነኝ» አለች ወለሉን እያየች። «ብሎክ 190፣ ዘጠነኛ ፎቅ። ወፍ የሚሰጠው ግን ሰባ ሲሞላ ነው። አርባ አራት ዓመት ይቀረኛል።»

እትዬ ሶልያና ብዙ የሚሉት ነበራቸው። «እኔን!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። አቅፈው ሊስሟት፣ እጇን ይዘው ሊያጎርሷት፣ ጉንጯ የጎደለው ለምን እንደሆነ ሊጠይቁ ፈለጉ። ልጅቷ የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ነው የተቀመጠችው። እትዬ ሶልያና ይህን አዩ። አፋቸውን ዘጉ።

ቀስ ብለው ተነሱ፤ ወፎቹ አልሸሹም። ከቁም ሣጥኑ ጭኮውን አውጥተው ክዳኑን ገለጡ። ፊቷ አላቀረቡትም። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ ከእጇ በስንዝር ርቀት አስቀመጡት። በሞቴ አላሉም። እኔ ልሙት አላሉም። ወደ ወንበራቸው ተመልሰው ጎናቸውን ሰጥተው ተቀመጡና ሰፌዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

ማንጠግቦሽ በሩን አየች። ግድግዳው ላይ ያለውን ድምፅ ማውጫ አየች። መጋረጃው ላይ ያለውን ወፍ አየች። ሳሎኑ ውስጥ ምስር ሰፌድ ሲነካ ብቻ ይሰማል። ብዙ ቆየች፤ እትዬ ሶልያና ሰባት ጠጠር ለቀሙ።

ከዚያ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

እትዬ ሶልያና ቀና ብለው አላዩም።